ከስክሪኑ በፊት ደረሰኙ

ጎንደር ውስጥ «ሙዚየም እንክፈት» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ሳቅ ነው። «ከተማው ሁሉ ሙዚየም አይደል እንዴ?» ይሉታል። አልተሳሳቱም። ፋሲል ግቢ መሀል ከተማ ላይ ተንሰራፍቶ ተቀምጧል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ የመላእክቱን ፊት ጣሪያው ላይ ደርድሮ ቁልቁል ያየናል። ቁስቋም ብንወጣ የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ፍራሽ አለ። የፋሲል መዋኛ ጥምቀት በደረሰ ቁጥር በሰው ይጥለቀለቃል። ዩኔስኮም ቢሆን ፋሲል ግቢን እ.ኤ.አ. በ1979፣ ጥምቀትን ደግሞ በ2019 መዝግቦልናል። ታዲያ ሌላ ሙዚየም ለምን?

እኔ የምመልሰው እንዲህ ነው። ግንቡ የነገሥታት ነው። የአዲስ ዓለም ሰፈር ሸማኔ መወርወሪያ ግንብ ውስጥ አይገኝም። የቆሎ ተማሪው ደበሎና አኮፋዳ፣ የእናቶቻችን እንዝርት፣ የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች ያበጁት ጋን፣ በጣልያን ጊዜ ፒያሳ ላይ የተነሳ የቤተሰብ ፎቶ፣ እነዚህ ሁሉ ያሉት ሰው ቤት ነው። ቆጥ ላይ፣ አልጋ ሥር፣ አሮጌ ሳጥን ውስጥ። ቤቱ ፈርሶ ፎቅ ሲሠራ አብረው ይጠፋሉ። ለቆርቆሮውና ለእንጨቱ ገዢ አይጠፋም። እንዝርቱን ግን ማን ያስታውሰዋል?

እኔ በትርፍ ጊዜዬ የማግዝበት የሰፈር ሙዚየም ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ ነው። ክፍሎቹ ድሮ የእድር ዕቃ ቤት ነበሩ። ስሙን አልጠራም፤ ውስጡ ያሉት ሰዎች «ጻፍብን» አላሉኝምና። መጻፍ የፈለግሁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው። ትንሽ ሙዚየም «ዘመናዊ ልሁን» ሲል ከየት ይጀምራል? ብዙ ሰው ከስክሪን ይጀምራል። እኔ ከደረሰኝ ነው ባይ ነኝ።

የስክሪኑን ነገር ላውራ። አንድ ጊዜ ትንሽ እርዳታ ተገኘና ኮሚቴው ተሰበሰበ። ወጣቶቹ ባንድ ድምፅ «ትልቅ ስክሪን!» አሉ። ሲነኩት ታሪክ የሚያወራ፣ ሙዚቃ የሚያሰማ፣ ለቲክቶክም የሚመች። ተገዛ። መጀመሪያ ሰሞን ልጆች ተሰለፉለት። እውነቱን ለመናገር እኔም ስነካካው ነበር። ከዚያ መብራት ሄደ። መጣ። ደግሞ ሄደ። ሲመለስ ኃይሉ በርትቶ መጣና ስክሪኑን አቃጥሎት አረፈ። የሚጠግነው ሰው አልተገኘም። አሁን በረንዳው ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ የማስታወቂያ መለጠፊያ ሆኗል። ለዚህ ሥራ እንኳ አይታማም።

ከመቃጠሉ ይልቅ ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። ስክሪኑ ላይ ያለን ዕቃ በሙሉ ፎቶው ነበር። ሥሩ ግን «ከሰፈሩ ነዋሪ የተገኘ» ብቻ ይላል። ከየትኛው ነዋሪ? መቼ? ስጦታ ነው ወይስ አደራ? ሰጪው ቢሞት ወራሹ መጥቶ መጠየቅ ይችላል? አንዱም አልተጻፈም። ጋኑን ማን እንዳመጣው የሚያውቁት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸውም አንዳንዴ ያምታቱታል። በሚያብረቀርቅ መስታወት ላይ የወጣው ነገር ሥሩ ባዶ ነበር ማለት ነው።

ይህ ጉዳይ ጎንደር ላይ ከሌላ ቦታ ይከብዳል። ይህች ከተማ ብዙ ተወስዶባታል። አጼ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከተማዋን ሲያቃጥሉ የአብያተ ክርስቲያናቱን መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት አስወሰዱ። በ1860 መቅደላ ሲወድቅ እዚያ የተከማቸው ሁሉ በእንግሊዝ ጦር እጅ ገባ። ዛሬ ለንደን ያለው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ከመቅደላ የሄዱ 350 ገደማ የብራና መጻሕፍት አሉት። የብሪታንያ ሙዚየም ደግሞ ለሕዝብ የማያሳያቸው 11 ታቦታት። በ1880 ድርቡሽ መጥቶ የተረፈውን አቃጠለ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያዳናት ንብ ነው ይባላል፤ ከግቢው ወጥቶ ወራሪውን አባረረው።

ድርቡሽ ያቃጠለው በግላጭ ነው። ደብተር ይዘው የመጡት ኋላ ነው። ማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ከዳካር ተነስቶ አፍሪካን እያቋረጠ ወደ ጅቡቲ ሲጓዝ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ሰፍሮ ነበር። እዚህ ሳለ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ሥዕሎች ከግድግዳው ላይ አንስቶ ወሰደ። በቦታው ቅጂ ሠርቶ ለጠፈ። ዋናው ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ነው። አዋቂዎች ናቸው፤ መዝግበው፣ ለክተው፣ ፎቶ አንስተው ነው የወሰዱት። የሙዚየም ሥራቸው እንከን አልነበረውም ማለት ይቻላል።

ይህን ሁሉ የጎንደር ሰው በዓመተ ምሕረት አይነግርህ ይሆናል። ፍሬ ነገሩ ግን ደሙ ውስጥ አለ። ካሜራና ደብተር ይዞ «እስቲ ያለዎትን ያሳዩኝ» የሚል ሰው ሲመጣ ቡና ይፈላለታል። ጨዋታው ይደራል። ሳጥኑ ግን አይከፈትም።

ሌላም ፍርሃት አለ። ይህኛው የራሳችን ነው። በ1967 የከተማ ትርፍ ቤት ሲወረስ ያዩ ሰዎች አሁንም በሕይወት አሉ። ለነሱ ተመዘገበ ማለት ተወረሰ ማለት ነው። «ዛሬ ይመዘግቡታል፣ ነገ የመንግሥት ነው ይሉኛል» ያሉኝ ጋሼ ስንት ናቸው! እንዲህ ለሚል ሰው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ጥሩ መልስ አለው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጁ ቅርስ በግለሰብም ይዞታ ሊሆን እንደሚችል ይቀበላል። ባለቤቱ የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ መመዝገቡ ግን ባለቤትነቱን አይነጥቀውም። ችግሩ አዋጅ ጠቅሰህ ሰው ማሳመን አለመቻሉ ነው። አዋጅ ያነበበ ሰው ሲመጣማ ይብስ ይጠራጠራሉ።

መፍትሔው የተገኘው እዚያው ዕቃ ቤቱ ውስጥ ነበር። የእድራችን ንብረት ያዥ አንድ ጥቁር ደብተር አላቸው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ብርጭቆው ሁሉ እዚያ ላይ አለ። ለቅሶ ሲሆን ማን ምን እንደወሰደ ይጻፋል፣ ይፈረማል። ሲመለስ ይቆጠራል። የተሰበረ ብርጭቆ ካለ ያስከፍላሉ፤ በዚህ እንኳ ዘመድ አያውቁም። በዚያ ደብተር የሚጠራጠር ሰው ሰፈሩ ውስጥ የለም። ድርጅት አላስተማረንም፣ ስልጠና አልወሰድንም። ሰው ተሰብስቦ ዕቃን በጋራ መያዝ ድሮም ያውቅበታል። እኛ ያን ትተን ከውጭ የመጣ ማኑዋል ስናገላብጥ ነበር።

ስለዚህ ሙዚየሙም በእድር ሥርዓት ይሠራ ተባለ። ካርቦን ያለው የደረሰኝ ጥራዝ ታተመ። አራት መስመር አለው። አንደኛው ዕቃው ምን እንደሆነ፣ ልኩና ጉዳቱ። ጉዳቱ በደንብ ይጻፋል፤ «አፉ ላይ የተሸረፈ» ካልተባለ ነገ «እናንተ ናችሁ የሰበራችሁት» ይመጣል። ሁለተኛው ስጦታ ነው ወይስ አደራ። አደራ ከሆነ ለሦስት ዓመት ነው፤ ሲያልቅ ይታደሳል ወይ ይመለሳል። ማብቂያ የሌለው አደራ ሙዚየምንም ቤተሰብንም ያጣላል። ሦስተኛው ሰጪው ባይኖር ማን ይረከባል። አራተኛው ቤተሰቡ ለበዓል ወይም ለማኅበር ሊወስደው ይፈልጋል ወይ። ከታች ሦስት ፊርማ፤ የሰጪው፣ የሙዚየሙና የእድሩ ዳኛ። ማህተሙ የእድሩ ነው።

ደረሰኙ ምን እንዳደረገ በአንዲት እናት ላይ አይቻለሁ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው ናቸው። አባታቸው ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ቤታቸው የቀለም ቀንድ እንዳለ ስንሰማ ከርመናል፤ ስንጠይቃቸው ግን «ኧረ የለም ልጄ፣ አይጥ በልቶት ይሆናል» ይሉናል። ቀንድ የሚበላ አይጥ! አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ጎረቤታቸው ደረሰኝ ስትቀበል አዩ። ምንም አላሉም። በሳምንቱ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ።

ሁለት ቀንድ ነበር። አንዱ ውስጡ ጠቁሯል፣ አንዱ ቀልቷል። ጫፋቸው የሾለው መሬት ላይ ተሰክተው እንዲቆሙ ነው፤ ጸሐፊው መሬት ተቀምጦ ብራናውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ሲጽፍ ከጎኑ ይቆማሉ። ከቀንዶቹ ጋር ማኅደር ነበር። መጽሐፉን አንግቶ የሚሄዱበት የቆዳ ቤቱ ማለት ነው። ጠፍሩ ተበጥሷል፣ ቆዳው ደርቋል። ባዶ ነው።

«መጽሐፉስ እማማ?»

«ተሸጠ። ክፉ ቀን ነበር።» ሌላ አላሉም። እኛም አልጠየቅንም።

ደረሰኙን አነበብኩላቸው። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ አስቆሙኝ። «ልጆቼ አዲስ አበባ ናቸው። ብሞት የትኛው ይምጣ?» አሉ። «እርስዎ የፈለጉት» አልኳቸው። ብዙ አሰቡ። የበኩር ልጃቸውን ትተው የታናሺቱን ስም አስጻፉ። «እሷ ናት የምትጠይቀኝ» አሉ። አሻራቸውን አኖሩ። ከዚያ ቅጂውን አራት አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት፤ ብር የሚቋጥሩበት ቦታ ላይ። ያን ቀን የማንም ስክሪን ያላመጣውን ነገር ሁለት ሳንቲም የማያወጣ ወረቀት አመጣው።

አራተኛው መስመር ብዙ አከራክሮናል። የሙዚየም ትምህርት የተማረ ወዳጄ ሊያብድ ነበር። «አንዴ የገባ ዕቃ ለድግስ ይወጣል እንዴ?» አለ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ለጥምቀት የወጣ ካባ በፀሐይ ይደበዝዛል፣ በላብ ይበላሻል፣ ጠላ ሊፈስበት ይችላል። እኔ ግን እንደሱ አላስብም። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ የአያቱን ካባ ለብሶ ታቦት ማጀብ ካልቻለ ካባውን ለምን ይሰጠናል? ሳጥኑ ውስጥ ቢቀመጥስ ማን ይጠብቀዋል? ብል ነው የሚበላው። በመጨረሻ በዓይነት ከፈልነው። ብራናና የሳሳ ጨርቅ አይወጣም። ብረት፣ እንጨትና ጠንካራ ጨርቅ በፊርማ ይወጣል፤ ሲመለስ ከደረሰኙ ጋር ይተያያል። እስካሁን ያልተመለሰ የለም። ጠላ የነካው አንድ ጥላ አለ።

እርግጥ ደረሰኝ ብቻውን ዕቃ አያድንም። ከዚህ በኋላ ያለው ዘመናዊነት ደግሞ አብዛኛው ርካሽ ነው። ይህን የማነሳው ብዙ ትናንሽ ሙዚየሞች ገንዘብ ስለሌለን ምንም አንሠራም ብለው ሲቀመጡ ስለማይ ነው።

ብርሃንን ውሰዱ። ብራና፣ ጨርቅና የውሃ ቀለም ሥዕል ከ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) በላይ ባያገኛቸው ይመረጣል። ይህ ደብዘዝ ያለ ክፍል ነው። የኛ መስኮት ከቀትር በኋላ ፀሐይ ይዘንብበታል። ልዩ ፊልም የት ተገኝቶ ይለጠፋል? ድርብ አቡጀዲ መጋረጃ ሰፍተን ሰቀልን። በስልክ አፕ ስንለካው ልኩ በትክክል ባይታወቅም ልዩነቱ ግልጽ ነው። ፍላሽ ተከለከለ። ለቲክቶክ በረንዳ አለ።

ክረምቱ ሌላ ጣጣ ነው። ብራና ቆዳ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ደጋግሞ ሲሆንበት ቀለሙ ይረግፋል። ሰው ቅን ልብ ይዞ በላስቲክ ጥቅልል ያደርገዋል፤ እርጥበቱን አብሮ ይቆልፍበታል። የኛዎቹ ከግድግዳው ራቅ፣ ከመሬት ከፍ ብለው በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ብል ደግሞ የሁላችንም ጠላት ነው። እናቶች ናፍታሊን ይዘው መጡ። ሽታው ለሠራተኛም ለዕቃም ጥሩ ስላልሆነ በትህትና መለስነው። ጨርቅን ከብል ለማጽዳት ያለ መድኃኒት የሚሠራ ዘዴ አለ። በላስቲክ አየር እንዳይገባ አሽጎ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ማቀዝቀዝ። ታዲያ ዲፕ ፍሪዘር ከየት? ከሰፈሩ ሱቅ ተገኘ። ባለሱቁ ከአይስክሬሙ ጎን ቦታ ለቀቀልን። መብራት ከጠፋ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ደንበኞቹ «ይህ ደግሞ ምንድነው?» ሲሉት «የአያቶቻችሁ በርኖስ ነው» ይላቸዋል። ይህን ያህል ማስታወቂያ በገንዘብ አይገዛም።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። ዕቃ አጠገብ እስኪርቢቶ ክልክል ነው፤ እርሳስ ብቻ። ጋን በጆሮው አይነሳም፣ በሁለት እጅ ከሥሩ ነው። የነሐስ መስቀል በሎሚ አይታሽም፤ ያበራል፣ ግን ሎሚው ብረቱን ይበላዋል። ጨርቅ ላይ ቁጥር አይጻፍም፤ ቁጥሩ በጥጥ ጥብጣብ ላይ ተጽፎ በጥቂት ስፌት ይያያዛል። የሎሚውን ነገር ለማስተው የፈጀብኝ ጊዜ! «ሲያብረቀርቅ አይደል የሚያምረው?» ይላሉ። ያምራል እኮ።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። «የማኅበረሰብ ሙዚየም» ሲባል የትኛው ማኅበረሰብ? ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ፕራግ ላይ የሙዚየምን ትርጉም ሲያድስ የማኅበረሰቦች ተሳትፎ የሚል ሐረግ አስገብቷል። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። እኛ ጋ መጀመሪያ የተሰበሰበው ነገር ግን ግማሹ የቤተ ክህነት ነበር። 44ቱ አድባራት ያሉባት ከተማ ናትና አያስገርምም። ግን ይህችን ከተማ ያለበሷት፣ የነገዱላት የአዲስ ዓለም ሙስሊሞችም ናቸው። እነሱ ሙዚየሙን ሲያዩ ራሳቸውን አላዩበትም። አንድ አዛውንት ሸማኔ ዞረው አይተው ሲያበቁ «ሁሉም ሸማ ለብሷል፣ ሸማኔው የታለ?» አሉን። ልክ ናቸው። ድሩም ማጉም በሳቸው ልጅ እጅ ነው የመጣው። ዛሬ መወርወሪያው በር ላይ ነው። ደረሰኙም ላይ እንደማንም ፈርመዋል።

የጋኑ ነገር ከዚህም ይረቃል። ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። ሸክላውን፣ ብረቱን፣ ሽመናውን የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ጎንደር በእጃቸው ሥራ በልታ ጠጥታ ስታበቃ ቡዳ እያለች ስትሸሻቸው ኖራለች። ከዚያ ወደ እስራኤል ሄዱ። ከፊሎቹ በሱዳን በኩል በ1977 ዓ.ም. ገደማ፣ ሌሎቹ ደግሞ ግንቦት 1983 ላይ። በዚያ ግንቦት ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰደ። ጋኑ ግን ቀረ። ጽሑፉ ላይ «ጥንታዊ የሸክላ ጋን» ብቻ ነበር የሚለው። «በወለቃ ቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች የተሠራ» ይባል ስንል አንዳንዱ አልተመቸውም። «ምን ያስፈልጋል፣ ያለፈ ነገር!» ያለ አለ። ተጻፈ። የአካባቢ ድጋፍ ማለት ሁሉም ሰው ሁልጊዜ ደስ ይበለው ማለት አይመስለኝም። ጋኑን የሠራችውን ሴት ትቶ የጠጣበትን ጌታ ብቻ የሚያወራ ሙዚየም ከሆነማ ግንቡ ይበቃን ነበር።

ከሳጥኖቹ ጎን አንድ የጣልያን የብረት ቆብ አለ። ጣልያን ኢትዮጵያ ውስጥ መጨረሻ እጁን የሰጠው እዚሁ ጎንደር ላይ፣ ኅዳር 1934 ነው። ቆቡ ከዚያ በኋላ ለዶሮ ውሃ መጠጫ ሆኖ ኖሯል። ጽሑፉ ላይ ዶሮዋም ተጠቅሳለች። ልጆች ከሁሉ የሚወዱት እሱን ነው።

ዕድሜና ሕመም ሳይቀድመን የሰው ድምፅ መቅዳት ጀምረናል። የአቋቋም መምህሩ ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት የዝማሬ ስልቶች እንዴት እንደሚለያዩ በመቋሚያ እያሳዩ፣ ሸማኔው ድር ሲያደራ፣ እናቶች ጠላ ሲጠምቁ። ወጣቶቹ ኪውአር ኮድ ለጥፈው ነበር። ኔትወርክ ሲጠፋ ኮዱ ጌጥ ብቻ ሆነ። አሁን ድምፁ በአሮጌ ስልክና በትንሽ ስፒከር ይሰማል፤ ማታ ቻርጅ ይደረጋል። ቅጂው ሦስት ነው። አንዱ ላፕቶፕ ላይ፣ አንዱ በሃርድ ዲስክ የእድሩ ካዝና ውስጥ፣ አንዱ ባሕር ዳር አንድ ዘመድ ቤት። ቤቱ ቢቃጠል ድምፁ አይቃጠልም።

ገንዘቡስ? ከኮሮና ወዲህ፣ ከዚያም በጦርነቱና በክልሉ ግጭት ፈረንጅ ቀርቷል። በፈረንጅ ትኬት ልንኖር ያሰብን ጊዜ ቢኖር ያኔ ተዘግተን ነበር። ያቆየን የሰፈሩ ሰው ነው። የመክፈቻ ሰዓቱ ለሱ ተብሎ ተቀየረ። የመሥሪያ ቤት ሰዓት ቀርቶ እሁድ ከቅዳሴ በኋላና ቅዳሜ ከገበያ መልስ ሆነ። ለነዋሪ መግቢያ የለም፤ ሳጥን አለ። በረንዳው ላይ እሁድ እሁድ ቡና ይፈላል፣ ጭሱ ወደ ውስጥ እንዳይገባ በሩ ተዘግቶ። በጥር ሙሽሮች ለፎቶ ይመጣሉ፤ እነሱ ይከፍላሉ። ዕድሳቱም በዚሁ ነው። ባለፈው ክረምት ጣሪያው ሲያፈስ ቆርቆሮውን ያዋጡት ደረሰኝ የያዙት ቤተሰቦች ናቸው። የራሳቸው ዕቃ ነዋ ሥር ያለው።

የሰሞኑ ጭቅጭቃችን ቴሌግራም ነው። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መዝገቡን በሙሉ በኤክሴል አስገብታ ጨርሳለች። ጎበዝ ልጅ ናት። አሁን ፎቶዎቹን በቻናል እንልቀቃቸው ትላለች። ውጭ ያሉ የጎንደር ልጆች ያዩታል፣ ይረዳሉ። የአባቱን ጎራዴ ያስቀመጠ ጎልማሳ ግን በእግዜር ስም ለመነን። «ሌባ ነው የምትጠሩብኝ» አለ። ሁለቱም አላጠፉም። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ አምስተኛ መስመር ተጨመረ። ፎቶው ለሕዝብ ይውጣ ወይስ እዚሁ ይቅር? ድሮ የፈረሙትን ሁሉ እየዞርን እንደገና እየጠየቅን ነው። ጎራዴው «ይቅር» ተብሏል። ቀረ።

የማኅደሯ እናት ቤት የሄድነው ባለፈው ሰሞን ነው። ከመቀነታቸው ቅጂውን ፈትተው አወጡ። አምስተኛውን መስመር ልጅቷ አነበበችላቸው። እኔ እንቢ ይላሉ ብዬ ነበር። «ይውጣ» አሉ። «ልኩንም በደንብ ጻፉበት። ቁመቱን፣ ወርዱን፣ ውፍረቱን። መጽሐፉን የገዛው ሰው ካለ በልኩ ያውቀዋል።» ልጅቷ ሜትሯን አውጥታ ያን ዕለት ማታውኑ ለካችው። 24 በ19፣ ውፍረቱ 8 ሳንቲ ሜትር። ከፎቶው ሥር ተጽፏል።